ጥይት ሲከሽፍ ማን ይጠየቃል?

ከመርካቶ ተነስቶ በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል ወደ አስኮ የሚወጣው ታክሲ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ «ዊንጌት! ዊንጌት!» ሲል ይውላል። ጉለሌ ያለው ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከትምህርት ቤቱ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የተሰየመው በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ነው። ዊንጌት በጥር 1933 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግሮ ገባ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡም በነጭ ፈረስ ከሰልፉ ፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ከበርማ ግንባር ሲመለስ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ በስሙ የተጠራው ትምህርት ቤት በብሪቲሽ ካውንስል አስተዳደር ሥራ ጀመረ። በዓሉ ግርማን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታንና መለስ ዜናዊን ያስተማረው ግቢ ዛሬ ጄኔራል ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ የቀለም ትምህርት ቤት የነበረው የእጅ ሙያ ማስተማሪያ ሆኗል።

የ1933ቱ ዘመቻ ሲነሳ አንድ ትንሽ ነገር ይረሳል። ከዊንጌት ቀድሞ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም የገባው የኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ቡድን «ሚሽን 101» ይባል ነበር። ቁጥሩ የተወሰደው በመድፍ ጥይት ጫፍ ላይ ከሚገጠም ማቀጣጠያ ነው፤ ጥይቱ ዒላማውን ሲመታ ውስጡን የሚለኩሰው እርሱ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ጎጃምን እንለኩሳለን ብለው ነበር። ጎጃም ግን ሳይጠብቃቸው ለዓመታት ሲዋጋ ኖሯል። አርበኛው የጎደለው ወኔ አልነበረም፤ የሚተኩስ ጥይት ነበር። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽርና ከጣሊያን የተማረከ ጠመንጃ አብረው ተሰልፈው ይገኛሉ፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጥይቱ ልክ ሆኖ ሲገኝም ሁልጊዜ አይነሳም።

የኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ የሚቆጠረው የገባው ጠመንጃ ነው። ከየት ተገዛ፣ በማን በኩል መጣ፣ ስንት ሺህ ነበር የሚለው በየመጽሐፉ ይገኛል። ከገባው ውስጥ ስንቱ ይተኩስ ነበር? ቃታው ተስቦ ባዶ ድምፅ አሰምቶ የቀረው ስንቱ ነው? ያንን ከፍቶ ያየው፣ ሞላውን ያስተካከለው፣ መምቻውን የሞረደው ሰውስ ማን ይባላል? ይህ የታሪካችን ክፍል ባዶ ሆኖ መቆየቱ ትልቅ ጉዳት ነው። ጉዳቱ ደግሞ በሙዚየም ብቻ አይቀርም፤ ዛሬም በየጋራዡና በየፋብሪካው ብልሽት የምንፈልግበት መንገድ ላይ ይታያል።

ነገሩን ለመረዳት ከጥይቱ ቂጥ መነሳት ያስፈልጋል። ጥይትን የሚለኩሰው ሲመታ የሚፈነዳ ጥቂት ቅመም ነው። ቅመሙ የሚቀመጥበት ቦታ ሁለት ነው፤ ወይ በቀለሁ መቀመጫ መሐል በተሰካች ትንሽ ቆብ ውስጥ፣ አለዚያ ደግሞ በቀለሁ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ዙሪያውን። ጠርዙ ላይ የሚመታው ጥይት ቀድሞ ተስፋፋ፤ ስሚዝና ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1857 ያወጣት ትንሿ ባለ 22 ጥይት ዘሯ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለዒላማ ልምምድ ይተኮሳል። ሥራው ርካሽ ነው፤ ድክመቱም ከሥራው ይመጣል። ጠርዙ ተመቶ እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ከሆነ ብዙ ባሩድ አይችልም። ቅመሙ ደግሞ እርጥብ ሆኖ ቀለሁን በማሽከርከር ወደ ጠርዙ የሚገባ በመሆኑ፣ እኩል ካልተዳረሰ ባዶ የቀረ ጎን ይኖራል። መምቻው ያንን ጎን ካገኘ ጥይቱ ይከሽፋል።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውም ያለ ማቀጣጠያው ነገር አይገባም። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በተባለው ቦታ ላይ ዝናብ እየጣለ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ቁልቁል ወረደ። ብዙው የያዘው በአፈሙዙ የሚጎረስ ጠመንጃ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቆሞ ባሩድና እርሳስ ማጉረስ፣ ማቀጣጠያውን ማዘጋጀት ይጠይቃል። ከፊት የገጠመው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር የያዘው ሰናድር ነበር። ሰናድር አዲስ ጠመንጃ አልነበረም። የፊላደልፊያው ያዕቆብ ስናይደር የቆየውን ኤንፊልድ ከኋላው ቆርጦ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ የገጠመለት፣ የተለወጠ ጠመንጃ ነው። የድሮው መዶሻ በጎኑ እንዳለ ቀረ፤ በመዝጊያው ውስጥ በሰያፍ የተሰካ መምቻ የመዶሻውን ምት ተቀብሎ ከጎን ወደ ጥይቱ መሐል ያደርሰዋል። ባሩዱና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ ተሸፍነው ስለሚገቡ ዝናቡ ብዙም አልጎዳውም። በዚያ ቀን ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው።

ስናይደር ራሱ የሥራውን ዋጋ በቅጡ ሳይቀበል በዕዳ ተይዞ የሞተው ከዚያ ውጊያ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው። የጥገና ሰው ዕጣ በየአገሩ እንዲህ ነበር።

ከመቅደላ በኋላ የመሣሪያው ጎርፍ መጣ። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ግብፆችን ድል አድርገው ሬሚንግተን ጠመንጃ በብዛት ማረኩ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበንን ስትቀበል ውጅግራን ጣለችው፤ የተጣለው በቀይ ባሕር በኩል ወደ ሸዋ ወጣ። ከነጋዴዎቹ አንዱ ገጣሚው አርቱር ራምቦ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. ከዊንጌት በላይ ባለው እንጦጦ ላይ ለምኒልክ ያስረከበው ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ አውሮፓ መጠቀሙን ካቆመች የቆየ፣ ቆብ እየተደረገለት በመዶሻ የሚተኮስ አሮጌ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ሲመጣ የመለዋወጫ ሣጥንና የጥገና መጽሐፍ አብሮ አይመጣም። ሞላው ሲደክም ሌላ ሞላ የሚቀጠቅጠው የአገር ልጅ ነው።

ዓድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጣሊያን ወታደር እጅ የነበረው ቬተርሊ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የተፈጠረ ምሳሌ ይመስላል። መነሻው ስዊዝ ነው። ስዊዞች እ.ኤ.አ. በ1869 የተቀበሉት ቬተርሊ ጠርዙ ላይ የሚመታ ጥይት ይተኩስ ነበር፤ መሐንዲሱ መክሸፍን ስለፈራ መምቻውን ሹካ አድርጎ ሠራው፤ ሁለት ጥርስ ጠርዙን በሁለት ተቃራኒ ጎን በአንድ ጊዜ ይመታል። አንዱ ጎን ባዶ ቢሆን ሌላው ይለኩሳል። ጣሊያኖች በዓመቱ ያንኑ ጠመንጃ ሲወስዱ ሹካውን ትተው መሐሉን በሚመታ ጥይት አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1887 ጁዜፔ ቪታሊ የተባለው መኮንን ባለ አንድ ጥይቱን ቬተርሊ አራት ጥይት የሚጎርስ አድርጎ ለወጠው። ዓድዋ የመጣው ይህ የተለወጠው ነው፤ አዲሱ የጣሊያን ጠመንጃ ካርካኖ ከተሠራ ዓመታት አልፈው ሳለ በአፍሪካ የዘመተው ጦር በብዛት የያዘው ቬተርሊ-ቪታሊ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደግሞ ቀጭን ጥይት እንዲተኩስ ሆኖ እንደገና ተለወጠ።

የስዊዙ ቬተርሊም መጨረሻው መለወጥ ሆነ። ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መሠራቱ ሲያበቃ፣ በአሜሪካ የሚገኙ የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ሹካውን አውጥተው መሐሉን የሚመታ አንድ መምቻ ይተኩበት ጀመር። ያኔ ነው ችግሩ የመጣው። ለጠርዝ የተሠራ አካል መሐል እንዲመታ ሲገደድ የሚከሽፍበት ምክንያት አንድ አይሆንም። ዛሬም ትልቁን የጦር ጠመንጃ ለልምምድ ብለው በትንሿ የጠርዝ ጥይት እንዲተኩስ የሚለውጡ ሰዎች ያንኑ ጣጣ ከሌላው አቅጣጫ ያገኙታል።

አዋቂው ሰው ይህን ሲገጥመው የሚያደርገው ነገር ማየት የሚገባ ነው። ጥይቱ ካልተነሳ መጀመሪያ ምንም አይነካም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርጎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለና። ከዚያ ያወጣውን ጥይት ወደ ብርሃን አዙሮ መምቻው የጣለበትን ጠባሳ ያያል። ጠባሳው ገና ቆዳውን እንደነካ ጭረት ስስ ከሆነ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው፤ ሞላው ደክሟል፣ አሮጌ ቅባት ደርቆ መምቻውን ይዞታል፣ ወይም መምቻው አጥሯል። በመዝጊያውና በጥይቱ ቂጥ መሐል ክፍተት ካለም ምቱ ቅመሙን በመጨፍለቅ ፈንታ ጥይቱን ወደ ፊት በመግፋት ይባክናል። ጠባሳው ከጠርዙ ግማሹን ብቻ ይዞ ግማሹ አየር ላይ ከወደቀ መምቻው ቦታውን ስቷል፤ ተለውጦ በተሠራ ጠመንጃ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ጠባሳው ጥልቅና በቦታው ሆኖ ጥይቱ ዝም ካለ ግን ጠመንጃው ድርሻውን ተወጥቷል። ያው የጠርዝ ጥይት ትንሽ ዞሮ በሌላ ጎኑ ሲመታ ከተነሳ፣ ቅመሙ እኩል አልተዳረሰም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያው ዓይነት ጥይት በሌላ ጠመንጃ፣ ሌላ ዓይነት ጥይት በዚህ ጠመንጃ ይሞከራል። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞላውንም፣ መምቻውንም፣ ጥይቱንም አብሮ የለወጠ ሰው ጠመንጃው ቢተኩስለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ነገ ሌላው ሲከሽፍ እንደገና ከባዶ ይነሳል።

ይህ ዕውቀት በኢትዮጵያ ጠመንጃዎች ላይ ቢሠራበት ብዙ ይገለጥ ነበር። ጥይት እዚህ አገር የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። የማርያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ሲከብድ፣ አሞሌ ጨው በአንድ በኩል የውጅግራ ጥይት በሌላ በኩል እየተመነዘረ ገበያ ይውል ነበር። እንዲህ ያለ ጥይት በገዢና በሻጭ እጅ፣ በቀበቶና በጆንያ ውስጥ፣ በዝናብና በፀሐይ ዓመታት ይዞራል። በዚያን ጊዜ ማቀጣጠያው በብዛት የሚሠራበት የሜርኩሪ ቅመም በሙቀትና በጊዜ ብዛት ኃይሉን ያጣል፤ ጥቁር ባሩድ እርጥበት ይስባል፤ እርሳሱ ከቀለሁ አንገት ላልቶ አየር ያስገባል። ገበያ ላይ ሙሉ ዋጋ ያለው ጥይት ጦር ሜዳ ላይ ዋጋ ላይኖረው ይችላል። የተተኮሰው ቀለህም አይጣልም፤ በአገር ባሩድ እየተሞላ ይመለሳል። የሞላው እጅ ጥሩ ከሆነ ይተኩሳል፤ ካልሆነ ባለ ጥይቱ ጠላቱ ፊት ቆሞ ይቀራል።

በ1928 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ተደራርቦ መጣ። የአውሮፓ መንግሥታት ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ለኢትዮጵያ መሣሪያ መሸጥ ከልክለው ነበር። ክቡር ዘበኛው የቤልጅግ ጠመንጃ ሲይዝ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተጠራው ሠራዊት ከአባቱ የወረሰውን ይዞ ዘመተ። የማይጨውን ሽንፈት በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ መግለጽ ትክክል ነው፤ የጥይቱ ጉዳይ ግን ከዚያ ጎን መቀመጥ ሲገባው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የስንቅና የመሣሪያ ታሪክ የሌለው የጦርነት ታሪክ ግማሽ ነው።

ለምን ታለፈ ቢባል አንዱ መልስ ግልጽ ነው። ጠመንጃውን የሚያድነው ሰው የተናቀ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው ተብሎ ከጎረቤቱ ተለይቶ ይኖር ነበር፤ ጌታው ለዘመቻ ሲነሳ ግን ፈረሱን የሚለጉመውም፣ ጦሩን የሚስለውም፣ የጠመንጃውን ሞላ የሚያስተካክለውም እርሱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ሚሲዮናውያን መድፍ ሲያሠሩ፣ ከሥር የሚያናፋውና የሚያቀልጠው የአገሩ ሰው ነበር። የዋልድማየርና የሳልሙለር ስም ተመዝግቦ ቀርቷል፤ ከእነርሱ ጋር እጁን ያቃጠለው ኢትዮጵያዊ ስሙ የለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሳደብ እንዲቀጣ በአዋጅ አስነገሩ። አዋጁ በጊዜው ታላቅ ነገር ነበር፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልተነቀለም። ዛሬ «ቴክኒክና ሙያ ገባ» የሚለው ወሬ በአንዳንድ ቤት አሁንም እንደ መርዶ ይነገራል። ይህ ነውር ነው፤ ነውርነቱም በግልጽ መነገር አለበት።

የንቀቱ ዋጋ በሥራ ቦታ ይታያል። መኪናው አልነሳ ሲል ካንዴላው ይለወጣል፤ እንቢ ካለ ባትሪው፣ ከዚያ የነዳጅ ፓምፑ። ባለ መኪናው ሦስት ዕቃ ገዝቶ ጥፋቱ የአንድ ሽቦ መላላት ሆኖ ይገኛል። መካኒኩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ብልሽት እንዴት እንደሚፈለግ በሥርዓት ስላላሳየው ነው። ዕቃ መለወጥ ተምሯል፤ ጠባሳ ማንበብ አልተማረም። በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መለዋወጫ በሚሰለፉለት አገር ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ የቆመ ማሽንም፣ ከጉድጓዱ ውሃ ማውጣት ያቆመ ፓምፕም የሚጠብቀው ያንኑ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ የሚለውጥ ትዕግሥተኛ እጅ ነው።

እዚህ ላይ የዊንጌት ኮሌጅ ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ብዙ ሕዝብ ይጎበኘዋል። ለትውልዱ የሚያኮራ ሥራ ነው። አሮጌ ጠመንጃ በመስታወት ውስጥ ሲሰቀል ግን ተማሪው የሚያየው እንጨትና ብረት ነው፤ ለምን አንዱ ቶሎ ይተኩሳል፣ ሌላው ለምን ይዘገያል፣ ዝናብ የቱን ያበላሻል የሚለውን አያይም። ጎኑ ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ ሞተር መኪና ለሚማር ሰው ብርሃን እንደሚሆን ሁሉ፣ ጎኑ የተቆረጠ የሰናድር፣ የውጅግራና የቬተርሊ አምሳያ ለታሪክ ተማሪው ያንኑ ያደርጋል። ይህን መሥራት የሚችሉት ቶርኖና ፍሬዛ የሚማሩ ወጣቶች ናቸው። ከፒያሳ ዊንጌት በታክሲ የሚደረስ ነው።

በዚህ ወቅት፣ በየቦታው የተኩስ ድምፅ ባልጠፋበት አገር ወጣትን ስለ ጠመንጃ ማስተማር ምን ይባላል የሚል ሊኖር ይችላል። ሥጋቱ ከባድ ነው፤ መልስም ይፈልጋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ይህ መጠበቅ አለበት። የሚሠራው አምሳያ መተኮስ የማይችል፣ አፈሙዙ ድፍን፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከእንጨት የተቀረጸ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑም ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢጎላ ለማየት ይሻላል። ከዚህ ሥራ ወጣቱ የሚቀስመው ብልሽትን አይቶ፣ ከማስረጃው ተነስቶ ምክንያቱ ላይ መድረስን ነው። ጠመንጃ ተሸካሚን ሲያወድስ የኖረ ትረካ በመሐሉ የጠጋኙን እጅ ቢያሳይ፣ ወጣቱ የሚያደንቀው ሰው ይጨምራል እንጂ ጦረኛ አይበዛም።

ለመጀመር ሦስት አምሳያ ይበቃል። መዝጊያው በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ሰናድር፣ ሰያፍ መምቻው በቀይ ቀለም ተለይቶ የሚታይ፤ ከአጠገቡ ሹካ መምቻ ያለው የስዊዙ ቬተርሊና መሐሉን የሚመታው የጣሊያኑ ጎን ለጎን። ከፊታቸው በትልቁ የተሠሩ የከሸፉ ጥይቶች ይደረደሩ፤ አንዱ ስስ ጠባሳ፣ አንዱ ቦታውን የሳተ፣ አንዱ ጥልቅ ሆኖ ያልተነሳ። ጎብኚው ምክንያቱን ራሱ ይፈልግ፤ መልሱ ከሥር በሚነሳ ክዳን ይሸፈን። አምሳያውን የሠሩት ተማሪዎች ስም ከመግለጫው ጋር ይጻፍ፤ የጋፋቱ ሰው ያጣው ይህን ነበር። ሥራው ከመታሰቢያው አስተዳደር ወደ ኮሌጁ በሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ሊጀመር ይችላል፤ ለመጪው የካቲት 23 እንዲደርስ ደግሞ ደብዳቤው በዚህ የትምህርት ዘመን መጻፍ አለበት።